የቄራ ሥጋ መርማሪዎችን ሥራ እንዴት መቆጣጠር ይቻላል? ለአዲስ ተመዳቢ ተቆጣጣሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከሞጣና ከባሕር ዳር በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «በከተማው ቄራ የሥጋ ምርመራ ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመድቤአለሁ፤ መርማሪዎቹ ሥራቸውን በትክክል መሥራታቸውን በምን አውቃለሁ?» አብዛኞቹ ጠያቂዎች ራሳቸው ሥጋ ሲመረምሩ የኖሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ስለሆኑ በሽታውን ያውቁታል፤ የሚቸግራቸው የሌላውን ሰው ዓይንና ቢላ መመዘን ነው። እርስዎም ከእነርሱ አንዱ ከሆኑ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ይሥሩበት።

ከሁሉ በፊት ሊይዙት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሥጋ ምርመራ ምልክት ትቶ የሚያልፍ ሥራ ነው። መርማሪው የቆረጠውን ሥጋው ላይ፣ ያስወገደውን ጉድጓዱ ውስጥ፣ የወሰነውን ደግሞ መዝገቡ ላይ ያገኙታል። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ቆመው ከሚያዩት ይልቅ እነዚህን ሦስቱን እርስ በርስ ሲያመሳክሩ የሚያገኙት ይበልጣል፤ ምክንያቱም አጠገቡ ሰው ሲቆም በትክክል የማይቆርጥ መርማሪ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለእያንዳንዱ መርማሪ ቢያንስ ሁለት ቢላና አንድ የቢላ መሳያ። አንዱ ቢላ በፈላ ውኃ ውስጥ ሲቆይ በሌላው ይሠራበታል።
- መርማሪው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም የእርድ ክፍል የሚሠራ ከሆነ፣ ለየክፍሉ የተለየ ቢላ፣ ሽርጥና ማኅተም።
- የውኃ ማፍያና ቴርሞሜትር።
- የግንባር ባትሪ፣ ቡትስ ጫማ፣ ሽርጥና ጓንት።
- ለጭንቅላት፣ ለሆድ ዕቃና ለሥጋው የሚታሰር ተመሳሳይ ቁጥር ያለው መለያ።
- ቁልፍ ያለው በርሜል፣ ለምግብ የማይውለውን ሥጋ ማቅለሚያ ቀለምና በረኪና።
- የቅድመ እርድና የድኅረ እርድ ምርመራ መዝገብ፣ ከእነዚህም የተለየ የእርስዎ የግል ማስታወሻ ደብተር።

1. ሥልጣኑን በጽሑፍ ያስፈርሙ

ሥራ ሳይጀመር ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ሊመለሱ ይገባል፤ ሥጋ እንዲወገድ የሚወስነው ማን ነው፣ ባለ ንብረቱ ቅር ካለው ለማን ያመለክታል፣ የእርድ መሥመሩን ማስቆም የሚችለውስ ማን ነው? ይህ ካልተጻፈ ሌሊት ላይ አንድ ሙሉ በሬ ሊወገድ ሲል ክርክሩ በድምፅ ከፍታ ይወሰናል። መርማሪው መሥመሩን ማስቆም እንደሚችል የቄራው ኃላፊ፣ አራጆቹና ባለ ልኳንዳዎቹ ባሉበት በቃልም ይነገር።

2. የመርማሪውን ጊዜ አስቀድመው ያስሉ

አንድ ልምድ ያለው መርማሪ የአንድ በሬ ጭንቅላት፣ የሆድ ዕቃና ሥጋ ሳይቸኩል ለመመርመር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ሰዓት ይያዙ። ለምሳሌ ስድስት ደቂቃ ከሆነ አንድ ሰው በሰዓት የሚመረምረው ከ10 በሬ አይበልጥም፤ ሁለት መርማሪ ባለበት ቄራ 60 በሬ የሦስት ሰዓት ሥራ ነው ማለት ነው። የአራጆቹ ፍጥነት ከዚህ ካለፈ የሚቀረው ምርመራው ነው፤ እርዱማ መቼም አይቀርም።

በጎጃም ይህ ስሌት ከጾሙ ጋር የተያያዘ ነው። በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ እርድ 55 ቀን ይቆማል፤ ከዚያ በፋሲካ ዋዜማ የሳምንታት እርድ በአንድ ሌሊት ይጠየቃል። ለገናና ለፍልሰታ ፍችም እንደዚሁ ነው፤ ለመስቀልም ረጅም ጾም ባይቀድመውም እርዱ ይበዛል። ስለዚህ ለበዓል ዋዜማ ተጨማሪ መርማሪ ከወረዳው እንዲመደብ ደብዳቤውን ጾሙ ሳይጋመስ ይጻፉ፤ ተጨማሪ ሰው ካልተገኘ እርዱ ከወትሮው ቀደም ብሎ እንዲጀመር ያስወስኑ። መርማሪው ሁለቱንም ካላገኘ በማግስቱ ስለ ጥራት ሊጠይቁት አይችሉም።

3. የቅድመ እርድ ምርመራው በቀን ብርሃን መደረጉን ያረጋግጡ

ከብቱ ቆሞም፣ ሲሄድም፣ በሁለቱም ጎኑ መታየት አለበት፤ ምርመራውም ከእርዱ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ መደረግ አለበት። እርዱ ከዚያ ከዘገየ ምርመራው ይደገማል። ብዙ ቄራዎች የሚያርዱት ሌሊት ስለሆነ ከብቱን በመሸ ጊዜ በባትሪ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ይህን አይፍቀዱ። የአተነፋፈስ ችግር፣ ማነከስ፣ የቆዳ እብጠትና ድካም በጨለማ አይለዩም፤ ድኅረ እርዱ ላይ ደግሞ ትኩሳት የነበረውን ከብት ጤነኛ ከነበረው መለየት ይከብዳል።

የእርስዎ ሥራ መርማሪው ከሄደ በኋላ ከበረቱ ጥቂት ከብቶችን መርጠው ራስዎ ማየትና መዝገቡ ላይ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ነው። ከባለ ንብረቱ ስለ መድኃኒት መጠየቁንም ይመልከቱ። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ሊታረድ አይገባውም፤ ይህም በዓይን የማይታይ በመሆኑ ጥያቄው ራሱ ምርመራው ነው።

4. ብርሃኑን፣ ቢላውንና ውኃውን ይፈትሹ

መርማሪው በሚቆምበት ቦታ ያለው ብርሃን 540 ሉክስ ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ የሚጫን የብርሃን መለኪያ ለግምት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይወሰን፤ በግንባር ባትሪም የማይሠራ ከሆነ መሥመሩ ይቁም።

ቢላ የሚጠመቅበት ውኃ ከ82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ለደጋ ሰው የሚጠቅም ነገር አለ፤ ከፍታ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ስለሚቀንስ በባሕር ዳር ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሁለቱም ከሚፈለገው በላይ ናቸው፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር የተሰበረበት ቄራ ሲንተከተክ የሚታይ ውኃ ካለው ሰበብ የለውም። ለብ ያለ ውኃ ግን የአንዱን ከብት መግል ወደሚቀጥለው ያሻግራል። መርማሪው መግል ወይም የቆሸሸ አንጀት በነካ ቁጥር ቢላውን ለውጦ እጁን መታጠቡን ይመልከቱ፤ ውኃው ከቆመበት ርቆ ከተቀመጠ አይሄድም፤ ስለዚህ ሰውየውን ከመገሠጽ በፊት ውኃውን ያቅርቡለት።

5. ሥጋው ላይ የቀረውን ቁርጥ ያንብቡ

የቁጥጥሩ እምብርት ይህ ስለሆነ ጊዜዎን እዚህ ያሳልፉ። ከእያንዳንዱ መርማሪ ሥራ ውስጥ በየሳምንቱ ቢያንስ አሥር ማኅተም ያረፈባቸውን ከብቶች፣ ሳይነግሩት፣ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም ሰዓት ይምረጡ። በሥራው መጨረሻ ዓይን ስለሚደክም የመጨረሻዎቹ በሬዎች ይበልጥ ይናገራሉ። በመለያ ቁጥሩ ጭንቅላቱን፣ የሆድ ዕቃውንና ሥጋውን አገናኝተው እንዲህ ይዩ፦

ሀ. የጉንጭ ጡንቻ። በሁለቱም ጎን፣ በውጭው ጡንቻ ሁለት፣ በውስጠኛው አንድ ቁርጥ ከመንጋጋው አጥንት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ጡንቻው እንደ መጽሐፍ ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ጠልቆ መግባት አለበት። የኮሶ ትል እጭ የምትገኘው በጡንቻው ውስጥ ነው፤ ከላይ ጫር የተደረገ ጉንጭ ከነጭራሹ እንዳልተቆረጠ ይቆጠራል። በእኛ አገር ጥሬ ሥጋ የሚበላ ስለሆነ እጯ ካመለጠች የሚያስቆማት እሳት የለም።

ለ. ምላስና ልብ። ምላሱ መዳሰሱን ከቁርጥ ማወቅ ስለማይቻል እርስዎ ራስዎ ይዳስሱት። ልቡ ግን ተከፍቶ ውስጡ መታየት፣ የሁለቱ ክፍሎች መለያ ግድግዳም መቆረጥ አለበት።

ሐ. የክንድ ጡንቻ። መርማሪዎች በብዛት የሚያሳጥሩት ይህን ነው፤ ባለ ልኳንዳው «ሥጋዬን አበላሸህብኝ» ስለሚል ቁርጡ እየጠበበ ይሄዳል። ቁርጡ አንድ፣ ጥልቅና ንጹሕ ከሆነ የሥጋውን ዋጋ አይነካም፤ ዋጋ የሚቀንሰው በደነዘ ቢላ የተጎተተው ነው።

መ. ሳንባ። መዳሰሱ እንዳለ ሆኖ፣ በሳንባው ሥርና በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያሉት ንፍፊቶች ተሰንጥቀው መገኘት አለባቸው። የከብት ቲቢ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በእነዚህና ከጉሮሮ ጀርባ ባሉት ንፍፊቶች ውስጥ፣ እንደ ቢጫማ የደረቀ መግል ሆኖ ነው።

ሠ. ጉበት። የሐሞት ቧንቧዎቹ እስኪከፈቱ በቀጭኑ በኩል መቆረጥ አለበት፤ የጉበት ትል የሚገኘው በቧንቧው ውስጥ ነውና ላይ ላዩን ጤነኛ የሚመስል ጉበት ሲከፈት ሌላ ነገር ያሳያል።

ያልተቆረጠ ቦታ ሲያገኙ ወዲያውኑ ወደ ስንፍና አይተርጉሙት። የግራው ጉንጭ በትክክል ተከፍቶ የቀኙ ሳይነካ ከቀረ መጀመሪያ የሚታየው የጭንቅላቱ መስቀያ ነው፤ መንጠቆው ለግድግዳው በጣም ቀርቦ ከሆነ የመርማሪው እጅ ወደ ቀኙ አይደርስም። እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚያርመው መንጠቆውን ክንድ ያህል ወደ ፊት ማውጣት ነው። የተቦጫጨረ ቁርጥ የደነዘ ቢላን ያመለክታል። የቁርጡ ጠርዝ መድረቅ ጀምሮ ከሆነ በጊዜው ተቆርጧል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ ደርቆ ቁርጡ ብቻ ገና እርጥብ ከሆነ ግን እርስዎ መምጣትዎ ከተሰማ በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል፤ ያንን በደብተርዎ ይያዙ።

እርስዎ በቆረጡት አዲስ ቁርጥ ውስጥ መርማሪው ያላየው እጭ ከተገኘ፣ ሥጋው ከቄራው ሳይወጣ ውሳኔው ይስተካከላል። ጥቂት እጭ የተገኘበት ሥጋ ቢያንስ ለ10 ቀን በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከቆየ እጯ ትሞታለች፤ እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቄራ «በደንብ አብስለህ ብላው» ብሎ መልቀቅ ቁጥጥር አይባልም። በብዛት የተበከለ ሥጋ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይወገዳል።

6. የተወገደውን እስከ ጉድጓዱ ይከተሉ

ውሃ ያቆረ ቋጠሮ፣ ማለትም የውሻ ትል እጭ፣ ያለበት ሳንባ ከቄራው አጥር ውጭ ቢጣል የሚበላው ውሻ ነው። ውሻው ሳምንታት ቆይቶ የትሉን እንቁላል በዓይነ ምድሩ ያወጣል፤ ከብቱ ከግጦሹ፣ ልጆች ደግሞ ውሻውን ሲነኩ ይወስዱታል። መርማሪው በሽታውን አይቶ ሳንባውን ቢያስወግድም፣ ጉድጓዱ ክፍት ከሆነ ምርመራው በሽታውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ በወር ሁለት ጊዜ ያህል፣ ባልታሰበ ሌሊት፣ በመዝገቡ የተጻፉትን የተወገዱ ሳንባዎችና ጉበቶች ቁጥር ይውሰዱና በርሜሉን ራስዎ ያስቆጥሩ። በመዝገቡ 14 ጉበት ተጽፎ በርሜሉ ውስጥ ዘጠኝ ካለ አምስቱ የት እንደገቡ ይጠይቁ። የሚወገደው ሁሉ በመርማሪው ፊት ተቆራርጦ ቀለም ይፍሰስበት፤ በርሜሉም እስከ ጉድጓዱ በቁልፍ ይሂድ። ጉድጓዱ ክዳን ያለው፣ አጥሩም ውሻ የማያሾልክ ይሁን።

7. ማኅተሙን ይጠብቁ

ማኅተሙ ከምርመራው በፊት ከሳጥኑ አይወጣም፤ ከሥራ በኋላም መርማሪው ኪስ ውስጥ አያድርም። መርማሪው ራሱ ያላየውን ሥጋ አራጅ ወይም የቀን ሠራተኛ ሲያትም ካገኙ፣ ሥጋው ምንም ጤነኛ ቢሆን፣ ማኅተሙ ይታጠብና ምርመራው ከመጀመሪያው ይደገም።

8. መዝገቡን በየወሩ እያነጻጸሩ ያንብቡ

ለእያንዳንዱ መርማሪ ከ100 ከብት ስንት ጉበት፣ ስንት ሳንባ፣ ስንት የኮሶ ትል እጭ እንደተመዘገበ ያስሉ። ከአንድ ገበያ የመጡ ከብቶችን በአንድ ወር የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች ቁጥራቸው በጣም ከተራራቀ ልዩነቱ ከከብቱ የመጣ አይደለም። በተለይ ዜሮ ያስጠርጥርዎ። በጣና ዳር፣ በቆጋ መስኖ አካባቢና በደጋው ረግረግ የሚግጡ ከብቶች የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በሚኖርበት እርጥብ መሬት ስለሚሰማሩ ትሉ በብዛት ይገኝባቸዋል፤ ከእነዚህ ቦታዎች የመጡ ከብቶችን ወር ሙሉ መርምሮ አንድም የተበላሸ ጉበት ያላገኘ ሰው ጉበት አልከፈተም ወይም አልጻፈም። ለዚህም የከብቱ መነሻ ገበያ በመዝገቡ መጻፍ አለበት። በተቃራኒው በአንድ ሳምንት ቁጥሩ በድንገት ከፍ ካለ መርማሪውን ከማመስገን ባሻገር ከብቶቹ ከየት እንደመጡ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ቡድን ያሳውቁ።

9. ጥፋቱን በዚያው ሌሊት፣ ሥጋው ፊት፣ ለብቻ ያርሙ

መርማሪን ባለ ልኳንዳዎች በተሰበሰቡበት መውቀስ በማግስቱ የሚሰጠውን ውሳኔ ሁሉ ያረክሳል። ሰዎቹ ሲበተኑ ወደ ሥጋው ይውሰዱትና በመጀመሪያ እርሱ እንዲናገር ያድርጉ፦ «አቶ እገሌ፣ ይህን ጉንጭ አብረን እንየው፤ ምን የቀረ ይመስልዎታል?» በዕድሜ የሚበልጥዎ ከሆነ አንቱታውን አይተዉ፤ የሥራ ኃላፊነት ክብርን አይሽርም። ከዚያ የጎደለውን ቁርጥ በእርሱ እጅ፣ በእርሱ ቢላ ያስቆርጡ። ቀኑን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የጎደለውንና የተስማማችሁበትን በደብተርዎ ጽፈው ያስፈርሙት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ቦታ ደግመው ይዩ። ተመልሰው ያላዩት እርማት እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

10. መርማሪውን ከጫና ይከላከሉ

በትንሽ ከተማ ባለ ልኳንዳው የመርማሪው ዘመድ፣ የዕድር ጓደኛ ወይም የቤት አከራይ መሆኑ የማይቀር ነው። ስለዚህ መርማሪዎችን በየሁለት ሳምንቱ ከጭንቅላት ወደ ሆድ ዕቃ፣ ከአንዱ የእርድ ክፍል ወደ ሌላው ያዛውሩ። ሙሉ በሬ ሲወገድ ሁለተኛ ሰው አይቶ ይፈርም፤ ለባለ ንብረቱም ምክንያቱ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠው፤ የተበላሸውን ቦታም በዓይኑ ይየው። ሥጋ ከመርማሪዎች ለአንዱም በስጦታ እንዳይወጣ ይከልክሉ፤ አንድ ኪሎ ሽንጥ የተቀበለ ሰው በማግስቱ ጉበት ለማስወገድ እጁ ይከብደዋል።

ማስጠንቀቂያ

በድንገት የሞተ ወይም ከአፍ፣ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት ካጋጠመ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አይከፈት፣ ቆዳውም አይገፈፍ። ሲከፈት ጀርሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ዘር ይሆናል። መሥመሩ ይቁም፣ ሰዎች ይራቁ፣ ለወረዳው ወዲያውኑ ይነገር፤ ሥጋው ይቃጠላል ወይም ቢያንስ ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቀበራል። የነኩት ሰዎች ስማቸው ተመዝግቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ።

እጁ የቆሰለ መርማሪ ቁስሉን ሳይሸፍንና ጓንት ሳያደርግ አይሥራ፤ ተቅማጥ ወይም የቆየ ሳል ያለበትም ሕክምና ሳያገኝ ሥጋ አይንካ።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

ተቆጣጣሪው ራሱ ቢላ አንሥቶ የመርማሪውን ሥራ መሥራት የተለመደ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ያግዛል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ዓይን ጠፋ ማለት ነው። ሌላው ማረጋገጫ ቅጹን ቤት ሆኖ መሙላት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት መምጣትም መርማሪዎቹ ለጉብኝቱ ብቻ እንዲዘጋጁ ያደርጋል። የተወገደውን ብቻ እንደገና ማየትም ስሕተት ነው፤ የሚያመልጠው ነገር ያለው ያለፈው ሥጋ ውስጥ ነውና።

ዶሮ ለሚታረድበት ቦታ

በጎጃም አብዛኛው ዶሮ ቤት ውስጥ ስለሚታረድ ይህ የሚመለከተው ለሆቴሎች በብዛት የሚያርዱትን ነው። ፈንግል የገባበት መንጋ ከማረፊያው ስለሚታወቅ ቅድመ እርዱ ላይ ያተኩሩ። በመሥመሩ ላይ መርማሪው የእያንዳንዱን ዶሮ ሆድ ዕቃ ከነሥጋው አብሮ ማየቱን፣ የጠቆሩትንና በአንጀት ፈሳሽ የተበከሉትን ማውጣቱን ይመልከቱ፤ ሥራው ፈጣንና አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይን ቶሎ ይፈዝዛል፤ ሰው በየጊዜው ይቀያየር። የታረደው ዶሮ ሳይዘገይ እስከ 4 ዲግሪ መቀዝቀዙን ከጡቱ ወፍራም ክፍል ውስጥ ይለኩ።

በጾም ወራት የሚሠራ

እርድ ሲቀንስ መርማሪዎችን እረፍት ከማስወጣትዎ በፊት የደብተርዎን ተደጋጋሚ ጉድለቶች ይዘው አብራችሁ ተቀመጡ፤ መንጠቆዎቹን፣ መብራቱንና የጉድጓዱን ክዳን ያስጠግኑ፤ ቢላዎቹን ያስሞርዱ፤ የመርማሪዎቹን የጤና ምርመራ ያድሱ። የሙስሊሙ እርድ በዚህ ጊዜም ስለሚቀጥል ቢያንስ አንድ መርማሪ ሁልጊዜ በቦታው ይኑር፤ ለፋሲካ ዋዜማ የተጠየቀው ተጨማሪ ሰው መመደቡንም ከሆሳዕና በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ።